ያለ እኔ እንዲመታ

ሂሻም የሚባል የናጠጠ ነጋዴ፣ ፂሙ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አገጬን ዝቅ አድርጌ እሺ ካላልኩት በቀር ኳስ ጉድጓድ ውስጥ መክተት አይችልም። ሰው ቢሰማ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ፓስፖርቴ የሰውየው ካዝና ውስጥ መቆለፉ ትዝ ሲለኝ ነው ሳቁ የሚጠፋብኝ።

ወለተማርያም እባላለሁ። ሥራዬ የጎልፍ ተጫዋቾች የአእምሮ አሠልጣኝ ነው። እንዲህ ብዬ ስናገር ዴም ሰፈር ሻይ ቤት የሚቀመጡት አበሾች "እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሴት ወይ ሻይ ታፈላለች ወይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የሰው ጭንቅላት የምታሠለጥን አይተው አያውቁም። ስለዚህ አሳጥሬ "ሰው ቤት ነኝ" እላለሁ። ውሸትም አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ያደግኩት አዲስ አበባ ከጎልፍ ሜዳ አጥር ሥር ነው። አባቴ የሜዳውን ሣር የሚያጭደውን ትራክተር ይነዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈረንጆች የጣሉትን የተሰበረ ዱላ በሽቦ አሥሬ ከኋላው እየተከተልኩ ኳስ ስመታ አደግኩ። ቀስ በቀስ ተወዳዳሪ ሆንኩ። ናይሮቢ ሄጃለሁ፣ ካምፓላ ሄጃለሁ፣ ዋንጫ ይዤ ተመልሻለሁ። ጎበዝ ነበርኩ፤ በዚህ ጉዳይ ትሕትና አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ካምፓላ ላይ ሕፃን ልጅ በእግሩ የሚከታትን ኳስ ሳትኩ። በማግስቱም ሳትኩ። እጄ ከዳኝ። ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ እጅ ደህና ነው ይላችኋል፤ የታመመው ሐሳብ ነው። ለመዳን ስል ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅኩት፣ ያልሞከርኩት የለም። ሁሉም እኔን መልሶ አላዳነኝም፤ ሌሎችን ግን አዳነ። ፈርቶ የቆመን ሰው ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቋረጥ ስለማውቅ ሴቶቹም ወንዶቹም ተጫዋቾች እየመጡ ይጠይቁኝ ጀመር፤ እንጀራዬ ሆነ።

ሂሻም ለንግድ አዲስ አበባ መጥቶ እዚያው ሜዳ ላይ አገኘኝ። ረጅም ምት ላይ አንበሳ ነው፤ ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ጥቂት ቀን አብሬው ሠራሁና ለውጥ አየ። "ኮች፣ ካርቱም ነይ፤ ወላሂ እንደ እህቴ ነው የማኖርሽ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደ እህቱ አኖረኝ። እህቱም ያለ እሱ ፈቃድ ካገር አትወጣም።

ቤቱ ዐማራት ነው፣ ኤምባሲዎች ያሉበት ጎዳና ላይ። እኔ ከኋላ ካለው ሐውሽ፣ ማለት ከግቢው፣ ከኒም ዛፉ ሥር ካለችው ክፍል ከዘሊካ ጋር እኖራለሁ። ዘሊካ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የከሚሴ ልጅ፣ ምላሷ ምላጭ። ስመጣ ሂሻም ፓስፖርቴን "ለኢቃማ" ብሎ ተቀበለኝ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያወጣልኝ ማለቱ ነው። ኢቃማው ወጣ፤ ፓስፖርቱ ካዝና ገባ። "እዚያ ይሻላል፣ ሌባ ብዙ ነው" አለኝ። እኔም አመንኩ። ሌባው ማን እንደሆነ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

የሚጫወትበት ሜዳ ወደ ሶባ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ እሱና ጓደኞቹ ያሠሩት ነው። ሜዳ ስላችሁ ሣር እንዳይመስላችሁ። አሸዋ ነው። ተጫዋቹ ቁራጭ የፕላስቲክ ሣር ይዞ ይዞራል፤ እሱን አንጥፎ ኳሷን ላዩ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ጉድጓዱ ያለበት ክብ ቦታ ደግሞ ነፋስ እንዳይወስደው በአሮጌ የሞተር ዘይት የታሸ ጥቁር አሸዋ ነው። እዚያ ጥቁር አሸዋ ላይ ሲደርስ ነው ሂሻም የሚደርቀው። አንድ ቀን ዱላውን ይዞ ቆሞ፣ ቆሞ፣ ዞር ብሎ "ኮች፣ ልምታ?" አለኝ። ሙቀቱ አናቴን እየበሳው ስለነበር አገጬን ዝቅ አድርጌ እሺ አልኩት። መታ፤ ገባች። በሚቀጥለውም ዞረ፤ እሺ አልኩት፤ ገባች።

በእኛ ሥራ ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም። ለተጫዋች ትንፋሽ ስጠው፣ ቃል ስጠው፣ የሚያየው ነጥብ ስጠው፤ ራስህን ግን እንዳትሰጠው። ይህን ለሌላው ሰው ስንቴ አስተምሬያለሁ። ግን ሰውየው እያሸነፈ ነው፣ ጓደኞቹ "ይህችን ሐበሻ ከየት አመጣሃት?" እያሉ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ለካ ራሴን በገዛ እጄ ሰውየው ላይ እየሰፋሁ ነበር።

ከዚያ ናርዶስ ደወለች። ናርዶስ ልጄ ናት፣ አንዲት ልጄ፤ አዳማ ነው ያገባችው።

"እማ፣ አረገዝኩ" አለች። "ጥቅምት ነው የሚሉኝ።"

እልል ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "የሚያርሰኝ ሰው የለም እኮ" አለች። የባሏ እናት ሞታለች። አባቷ ያለበትን እግዜር ይወቀው። እህት የላት። ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ካላጠበቻት፣ እናቷ ገንፎ ካላገነፋችላት ማን ያደርግላታል? ጎረቤት ያርሳት ይሆናል፤ ጎረቤት ያረሳት ልጅ ግን እናቷን ይቅር ትላለች? "እመጣለሁ፣ ሞቼ እገኛለሁ" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ነው ፓስፖርቴ ትዝ ያለኝ፤ ምን ይዤ ነው የምሄደው?

በማግስቱ ሂሻም ፉሉን ሲበላ ጠብቄ ነገርኩት። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፣ ከልቡ ነው። ፓስፖርቴንና የመውጫ ቪዛ ፊርማውን ስጠይቀው "ቡክራ፣ ኢንሻአላህ" አለ። ነገ ማለት ነው። የእሱ ነገ ስንት ጊዜ ነጋ። አጥብቄ ስይዘው ደግሞ "ከውድድሩ በኋላ" አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ የሜዳው ትልቅ ውድድር አለ፤ አንድም ጊዜ አሸንፎት አያውቅም። "ብታሸንፍ ትለቀኛለህ?" አልኩት። "ካሸነፍን ለካይሮው ውድድር እንሄዳለን" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

ዘሊካ ማጀት ሽንኩርት እየከተፈች ጠበቀችኝ። ነገርኳት።

"አንቺ ሴት ቂል ነሽ" አለች። "ሰው ቤት ሠራተኛ መቼ ነው የምትለቀቀው? ወጥ ስታሳርር ነው። እኔ አንድ ቀን ሳላሳርር ነው ይኸው እዚህ ያረጀሁት።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እሺ ስትይው አይደል የሚገባለት? ምን ሙሽኪላ፣ ምን ችግር አለው? የሚስተውን ጊዜ መርጠሽ እሺ በይዋ። ይሸነፍ። ምን ትሠራልኛለች ብሎ ያባርርሽ።"

አላሰብኩትም አልልም። ግን ሂሻም ሲሸነፍ አይቼዋለሁ። ሲሸነፍ አያባርርም፣ ያኮርፋል። ካኮረፈ ኢቃማ አያሳድስም፤ ኢቃማ ካልታደሰ ፖሊስ መንገድ ላይ ያፍሳል፤ ያኔ አዳማ ቀርቶ ዴም መድረስ አልችልም። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተጫዋቼን አውቄ ማሳሳት አልሆነልኝም። እኔ ካምፓላ ላይ የቆምኩበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ገፍቼ አላቆምም። ለዘሊካ እንዲህ ስላት "ኩራት ለምሳ አይሆንም" አለችኝ።

እንግዲህ ቢሸነፍ ታሠርኩ፣ ቢያሸንፍም ታሠርኩ። ስብሰለሰል ከረምኩና አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ሰውየው ያለ እኔ ማሸነፍ አለበት። ያለ እኔ መምታቱን ራሱ ካየ ምን ብሎ ይይዘኛል?

ልማድ ዝም ብሎ አይነቀልም። ከነቀልከው በቦታው ሌላ ነገር መትከል አለብህ፤ ባዶ ከተውከው የነቀልከው ራሱ ተመልሶ ይበቅላል። ይህንንም ለሂሻም በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኩት ነው። የኔን እሺ ነቅዬ ምን ልትከል? ዘሊካን አማከርኳት።

"ከአፉ የማይጠፋ አጭር ነገር ነው የምፈልገው" አልኳት።

"ቢስሚላህ በል በይዋ። እኔ ድስት ሳወጣ ቢስሚላህ እላለሁ፣ እጄ ተቃጥሎ አያውቅም።"

"እኔ የማርያም ልጅ ቢስሚላህ ላስተምረው?"

"አንቺ ምን ታስተምሪዋለሽ? የረሳውን ታስታውሺዋለሽ እንጂ። ጌታው እንደሆነ አንድ ነው።"

ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ እሱ ቢስሚላህ ይላል፣ ትንፋሹን ይለቃል፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ይመታል። ከዚያ ከጀርባው መቆም ጀመርኩ። አንገቱን ይጠመዝዛል። "ፊትህን መልስ" እለዋለሁ። እንደ ጡት ማስጣል ነው፤ ጡት ላይ እሬት ካልቀቡበት ሕፃን አይተውም። እኔም ምላሴን እሬት አደረግኩት። በዞረ ቁጥር እቆጣዋለሁ፤ ሲቆጡት ደግሞ እንደ ልጅ ያቀረቅራል፣ ያሳዝናል። ቀጥዬ ራቅ ብዬ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆምኩ። ቀጥዬ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። መኪናው ውስጥ የተቀመጥኩ ቀን መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ።

"ኮች፣ እዚህ ሆነሽ እሺ እያልሽኝ ነው?" አለ።

"አዎ፣ አዎ፣ ሂድ" አልኩት፣ እንዲሄድልኝ። ሄደ፣ መታ፣ ገባች። ከዚያ ወዲያ መጥቶ አላንኳኳም። ተወኝ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ እኔን ቤት ትቶኝ ብቻውን መሄድ ጀመረ፤ ሲመለስ ከበሩ ጀምሮ "አልሐምዱሊላህ፣ ገባች፣ ሁሉም ገባች" እያለ ነው። ለናርዶስ ደውዬ "ጥሩ ነው፣ እየሆነ ነው" አልኳት።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት "ራሴን አሞኛል፣ አልመጣም" አልኩት። ነጭ ልብሱን ለብሶ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። አመድ መሰለ።

"ዛሬ?" አለ።

"ቢስሚላህ ይበቃሃል። ያላ፣ ሂድ።"

ሄደ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ሐውሹን ጠረግኩ፣ የተጠረገውን መልሼ ጠረግኩ። ዘሊካ ለእንግዳ ሥጋ እየቀቀለች "ምነው ልጅ የምትድር እናት መሰልሽ" ትለኛለች። ማርያምን፣ ይህ እስላም እንዲያሸንፍልኝ እርጂኝ ብዬ ለመንኩ። ዘሊካም በበኩሏ ዱዓ አድርጋለች፤ ኋላ ነው የነገረችኝ። የሂሻም ደስታ የእሷም ደስታ ነበር፤ እመቤቷ፣ የሂሻም ሚስት፣ በአዲሱ የፈረንጅ ዓመት አሰናብትሻለሁ ብላታለች፣ ከሚሴ ላይ ከእናቷ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት አሠርታ ጨርሳለች። ቤቱ ደስ ያለው ዕለት ቃል አይታጠፍም ብላ ታስባለች።

ከሰዓት በኋላ ጎዳናው በጥሩምባ ተናጋ። ሂሻም ዋንጫውን በአንድ እጁ፣ አንድ ካርቶን ባስታ በሌላው እጁ ይዞ ገባ። ጣፋጩን ለሁላችንም በእጁ አደለን። የመጨረሻዋን ኳስ ነገረኝ፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ፣ ነፋሱ እንኳ ቆሞ፣ ለጉድጓዷ እንዲህ ቀርቦ። "ወላሂ ኮች፣ አልዞርኩም" አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም አለቀስኩ። በሥራዬ ዘመን እንዲህ የዳነልኝ ሰው የለም፤ እኔ ራሴ እንዲህ አልዳንኩም። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሳሎን ገባሁ። ሚስቱም አለች።

"እንግዲህ ያለ እኔ ትመታለህ" አልኩት። "ፓስፖርቴን ስጠኝ። መውጫዬን ፈርምልኝ። ልጄ ልትወልድ ነው።"

ሂሻም ተገረመ። ተንኮል የለበትም፣ ከልቡ ነው የተገረመው።

"ያለ አንቺ?" አለ። "ኮች፣ ያለ አንቺ መቼ መታሁ? ኳሷ ላይ ስቆም ምን እንደምል ልንገርሽ? ወለተማርያም ቤት አለች እላለሁ። ከኋላ ክፍሏ ውስጥ ናት፣ በሩ ዝግ ነው፣ የትም አልሄደችም እላለሁ። ያኔ ትንፋሼ ይወርድልኛል። ከዚያ ቢስሚላህ እላለሁ፣ እመታለሁ።"

እኔ ከአጠገቡ ስርቅ የተላቀቅኩ መስሎኝ፣ እሱ ይዞኝ ሲዞር ከርሟል። መጀመሪያ አገጬን ብቻ ነበር የሚፈልገው። አሁን መላው እኔን ነው፣ ያውም ተቆልፌ።

"እኔ ዶሮ ነኝ?" አልኩት። "ቆጥ ላይ መኖሬን እያሰብክ የምትተኛው?" ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ በአማርኛም በዐረብኛም፣ የመጣልኝን። አልተቆጣም። እንደ ታመመ ዘመድ እያዘነልኝ አዳመጠኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አስጠራኝ። ሳይተኛ ሲያስብ እንዳደረ ፊቱ ይናገራል።

"ኸላስ፣ መፍትሔ አግኝቻለሁ" አለ። "ሂጂ፣ ልጅሽን እረሺ። አንድ ወር። ግን መመለስሽን ማወቅ አለብኝ፤ ካላወቅኩ ካይሮ ላይ እጄ ይደርቃል። ስለዚህ ዘሊካ ትቆያለች፤ ካልመጣሽ በአዲሱ ዓመትም አትሄድም። አንቺ ስትመለሺ፣ በማግስቱ እሷን አሰናብታለሁ። አንድ ነገር ስትነቅል በቦታው ሌላ ትከል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

እንዲህ ሲለኝ የቤት ሥራውን ሠርቶ እንደመጣ ተማሪ ነበር የሚያየኝ። ጎበዝ እንድለው የጠበቀ ይመስለኛል። ሚስቱ ወለል ወለሉን ታያለች፤ ለዘሊካ የሰጠችው ቃል የት እንደገባ አልጠየቀችም።

ዘሊካ ማጀት ናት። ስነግራት ቀና አላለችም፤ ድንች መላጧን ቀጠለች።

"አልሄድም" አልኳት።

"ትሄጃለሽ። ልጅ በጎረቤት እጅ ትውለድ?"

"አንቺስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? ቤቴ ተሠርቶ አልቋል፤ ተነሥቶ አይሄድ።"

ተመለሺ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይም፣ እዚያው ቅሪ፣ እኔን ተይኝ ትለኛለች ብዬ። ከሁለቱ አንዱን ብትለኝ መንገዴን አውቀው ነበር። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ከረጢት አብሽ አውርዳ "ለልጅሽ፤ ወተት ያመጣል" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ሄድኩ። አዳማ በደረስኩ በጥቂት ቀን ናርዶስ ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ እኔ ነኝ ያገነፋሁላት፣ ሕፃኑን እኔ ነኝ መጀመሪያ ያቀፍኩት። ስለዚያ ደስታ ብዙ አልናገርም፤ ያየ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ተኝተው ሳይ ግን ደስታዬ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ወሩ እየሄደ ነው። ዘሊካ በየቀኑ ትደውላለች። ልጁ ጠባ ወይ? ወተቷ መጣ ወይ? እትብቱ ወደቀ ወይ? መቼ ትመጫለሽ ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። "ደህና ነሽ?" ስላት "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። እንዲህ ያለ ጨዋነት ይገድላል። ብትሰድበኝ፣ ብታለቅስብኝ ምናለ?

ሻንጣዬን ሳወርድ ናርዶስ አየችኝ።

"ፓስፖርትሽ እጅሽ ላይ ነው" አለች። "ማን አስገድዶሽ ነው? ክርስትናውን ሳታዪ ልትሄጂ?"

ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው። የእኔ ወር ቀድሞ ያልቃል። ሂሻምን በስልክ ለምኜው ነበር፤ የካይሮው ውድድር ደርሷል አለ። ለናርዶስ የዘሊካን ነገር ነገርኳት።

"እኔ ልጅሽ ነኝ" አለች። "እሷ ምንሽ ናት?"

"በእኔ ቦታ የተቀመጠች ናት" አልኳት። ስወጣ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ሕፃኑን ባሏ ነው በር ድረስ አምጥቶ ያሳመኝ። አውቶቡሱ ጎንደርን አልፎ መተማ እስኪደርስ ድረስ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሰው ሞቶብኝ መስሎት ነፍስ ይማር አለኝ።

የዐማራቱን በር የከፈተችው ዘሊካ ናት። አየችኝና ደረቀች።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ አንቺ ደደብ?" አለችኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አነባች። "አትምጭብኝ ስል አድር ነበር" አለች። "ሲነጋ ደግሞ መንገዱን አያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቱንም ለምኛለሁ።"

ሂሻም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። በማግስቱ ሳሎን ጠርቶን ካዝናውን ከፈተና የዘሊካን ፓስፖርት ከነመውጫ ቪዛው አወጣ። "ሹክረን ያ ዘሊካ፣ አላህ ይባርክሽ" ብሎ ሰጣት። ረክሻው፣ ያው ባጃጅ፣ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቃት ነው። ካዝናውን ግን አልዘጋም። ወደ እኔ ዞሮ መዳፉን ዘረጋ። ፊቱ ክፉ አልነበረም። ዘሊካ አየችኝ። እንዳትሰጪው የሚል ዓይን ነው። ግን እሷ ገና ካርቱም ናት፤ መንገዱ ላይ ገዳሪፍ አለ፣ ድንበሩ አለ፤ አንድ ስልክ ቢደውል ከመንገድ ያስመልሳታል። ፓስፖርቴን ከደረቴ አውጥቼ በእጄ ሰጠሁት። ዘሊካ ቦርሳዋን አንሥታ ሮጣ ወጣች። ደህና ሁኚ መባባል አልቻልንም፤ ከመተማ ማዶ ሆና ነው የደወለችልኝ።

ክፍሏ አሁን የኔ ብቻ ናት። የዘሊካ አልጋ ባዶውን አለ። ሂሻም ወደ ሜዳ ሲሄድ አብሬው አልሄድም፤ አያስፈልግም። ሥራዬ እዚህ መኖር ነው። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ በሩ ዝግ ነው፣ ይህንን እሱ ያውቃል።

በክርስትናው ጠዋት ናርዶስ በቪዲዮ ደወለች። ከሄድኩ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። ነጭ ለብሳለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ናት። "እማ፣ እዪው" ብላ ስልኩን ወደ ሕፃኑ አዞረችው። ፀጉሩ ገና ከጠበሉ አልደረቀም፤ ቀይ ሆኖ ያለቅሳል። ዘማርያም አልነው አለችኝ፣ ባንቺው ስም ይጠራ ብለን ነው አለችኝ። እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ስደውል አላነሣችም፤ ድግስ ላይ ናት መሰለኝ።

ወደ እኩለ ቀን የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ሂሻም ሐውሹን አቋርጦ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ከፈትኩለት። ጫማው እስካሁን አሸዋ ነው።

"ኮች፣ ዛሬ አንዲትም አልሳትኩም" አለኝ።

"ጎበዝ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።